ይቅርታዬ እንደ ሸክላ ተበላ

ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ቢነገር ያልቃል? ሦስት ጊዜ? አሥር ጊዜ? መቶ? የሰውን አላውቅም። የእኔ ይቅርታ ግን ያለቀችበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቷንም አውቃታለሁ። በ2010 ዓ.ም. ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዚያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ልገባና ከባለቤቴ ጋር የታመሙ እናቷን ልንጠይቅ ቃል ገብቼ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ የት ነበርኩ? ከጓደኞቼ ጋር። «አንድ ብቻ!» ያልኳት ቢራ እህቶቿን ጠራቻ! ስልኬ ስምንት ጊዜ ጠርቶ ኪሴ ውስጥ አልሰማሁትም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ነጠላዋን እንደለበሰች ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ለእናቷ የሠራችው ሾርባ በፔርሙስ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አለ።

እኔም የለመድኳትን ጀመርኩ።

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ዝም።

«በእናቴ አፅም! ሁለተኛ አይለመደኝም አልኩሽ!»

ብትሰድበኝ በወደድኩ። ብታለቅስም እንባ ማበስ አውቅበታለሁ። እሷ ግን ፈገግ አለችና በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። ግድግዳው ላይ የአባቴ ሸክላ ተሰቅላለች።

«አንተና ይህቺ ሸክላ አንድ ናችሁ» አለችኝ። «ይቅርታህ ተበልቷል። አፍህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ሽሽሽ... የሚል ብቻ ነው።»

በማግስቱ ልብሷን በሻንጣ ይዛ እህቷ ቤት ገባች።

ስሙኒ የምትጎርሰው ሳጥን

ስለ ሸክላዋ ካልነገርኳችሁ ታሪኬ አይገባችሁም። ትንሿ ዓይነት ናት። ስፋቷ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በፊትና በጀርባዋ አንድ አንድ ዘፈን ይዛለች፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች። ከጀርባዋ በፊት ግን ስለ ፊቷ ልንገራችሁ፤ መዘዙ ያለው እዚያ ነው። አባቴ ይህቺን ሸክላ ያገኟት ከጁክ ቦክስ ሆድ ውስጥ ነው።

እናንተ በስልክ ዘፈን የምትሰሙ ወጣቶች፣ ጁክ ቦክስ ምን መሰላችሁ? በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያብረቀርቅ፣ ሸክላዎች በውስጡ የተደረደሩበት ትልቅ ሳጥን ነው። ሳንቲም ታጎርሱታላችሁ። የዘፈኑን ፊደልና ቁጥር ትጫናላችሁ። ከውስጥ አንድ የብረት እጅ ሸክላዋን ከመደዳው መዝዞ ያወጣታል፤ መርፌ የተሰካበት ክንድ መጥቶ ያርፍባታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ማንም ሰው አይነካትም፤ «ይበቃታል፣ ትረፍ» የሚልላትም የለም። አሜሪካ ውስጥ ሲበርግ የተባለው ኩባንያ በ1950 እ.ኤ.አ. ባለ 45 ዙር ሸክላ የሚያጫውትና መቶ ዘፈን የሚያስመርጥ ማሽን አወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሳጥኑም ባሕር ተሻግሮ የእኛዋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ።

አባቴ በ1962 ዓ.ም. ከጋይንት መጥተው ውቤ በረሃ አካባቢ በአንድ ቡና ቤት አሳላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ጊዜው የሸክላ ጊዜ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ያንን ደፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳትሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። አሊ ታንጎ እየተባሉ የሚጠሩት አሊ አብደላ ካይፋም በበኩላቸው የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» የመሰሉትን አወጡ። ማታ ማታ ጁክ ቦክስ ያለበት ቤት እነዚህን እየቀያየረ ሲያንጎራጉር ያመሽ ነበር።

አባቴ በተቀጠሩበት ቡና ቤት ገንዘብ ተቀባይዋ እናቴ ነበረች። ብር ዘርዝራ ስሙኒ የምትሰጠው እሷ ናት። አባቴ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ሆነው ያደጉ፣ ሴት ፊት ቆመው ሁለት ቃል የማይወጣቸው ዓይን አፋር። ታዲያላችሁ ምን አደረጉ? ከጉርሻቸው ስሙኒ እያነሱ ጁክ ቦክሱ እንዲናገርላቸው ቀጠሩት። በየምሽቱ አንዲት የፍቅር ዘፈን ይመርጣሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዘፈኗ ለጠጪዎቹም ተስማማቻቸው፤ እነሱም ስሙኒያቸውን ያጎርሳሉ። የዘፈኗን ስም አልነግራችሁም። አባቴ አደራ ብለውኛል።

ክንዱ ላይ የተለጠፈችው ሳንቲም

እስቲ አብረን እናስላ። ዘፈኗ ሦስት ደቂቃ ናት እንበል። አንድ ጊዜ ስትዘፈን 135 ጊዜ ትዞራለች። በአንድ ምሽት 20 ጊዜ ብትመረጥ 2,700 ዙር። በወር 81,000 ዙር! ብረት እንኳ ቢሆን ይህን ሁሉ ሲታሽ አያልቅም ትላላችሁ?

በሸክላ ላይ ያለው ድምፅ ቀጭን ፈር ነው። ፈሩ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መርፌው በፈሩ ግድግዳዎች መካከል እየሄደ ውዝዋዜውን ይከተላል፤ እሱ ነው ዘፈን ሆኖ የሚሰማችሁ። የመርፌው ጫፍ ከፀጉር ይቀጥናል። ስለዚህ የክንዱ ክብደት ጥቂት ግራም ብቻ ቢሆንም፣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ከነጥብ ባነሰች ቦታ ላይ ነው። ሹል ታኮ ያደረገች ሴት በታክሲ ሰልፍ ላይ እግራችሁን ረግጣችሁ ታውቃለች? እንደዚያ ማለት ነው።

በጥንቱ ግራምፎን ጊዜ ነገሩ የባሰ ነበር። የብረት መርፌው ከ100 ግራም በላይ ይጫን ነበር፤ ሸክላውም የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ መርፌና ሸክላ እርስ በርስ ይፋጩ ነበር። መርፌውም በየዘፈኑ ይቀየር ነበር። በኋላ የመጡት ቀለል አሉ። ሆኖም ጥሩ የቤት ማጫወቻ ሁለት ግራም ያህል ሲጫን፣ የጁክ ቦክሱ ክንድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይከብድ ነበር። ምክንያት ነበረው። ሰካራም ሲደገፈው፣ ዳንሰኛ ሲገጨው መርፌው እንዳይዘልል ነው።

ታዲያ መርፌውም ያረጃል። የሰንፔሩ ቶሎ፣ የአልማዙ ቆይቶ። ክብ የነበረው ጫፉ በግራና በቀኝ ይላጭና ስለት ያወጣል። ከዚያ በኋላ ዘፈን የሚያነብ መርፌ መሆኑ ይቀርና ፈሩን የሚልግ መሮ ይሆናል። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ በአሸዋ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የጸናጽሉ ጥርት ማለት፣ የዘፋኟ «ስ» እና «ጽ»። ቀጥሎ ድምፁ ይሻክራል። የዘፈኑ መጨረሻ ከመጀመሪያው ቀድሞ ይበላሻል፤ ወደ መሐል ሲገባ ዙሩ ስለሚያጥር ድምፁ ተጨናንቆ የተጻፈ ነውና። አንድ ጊዜ የተላገ ፈር ደግሞ አይመለስም። ብታጥቡት፣ ብትወለውሉት፣ አዲስ መርፌ ብትገዙለት... አይመለስም!

የዚያች ቡና ቤት ባለቤት መርፌ መቀየር ገንዘብ መጨረስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። «ይዘፍን የለም እንዴ!» ይሉ ነበር አሉ። መርፌው አርጅቶ መዝለል ሲጀምር ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አንዲት ስሙኒ አንስተው በፕላስተር ክንዱ ላይ ለጠፏት! እንዲከብድ ነዋ። እውነትም መዝለሉን ተወ። ሁሉም ደስ አለው። ዱልዱሙ መርፌ አሁን በእጥፍ ኃይል ሸክላውን ማረስ ጀመረ። አባቴ ይህን ሲያወሩ «በስሙኒ ዘፈን ገዛሁ፤ በስሙኒ ዘፈን ገደሉ» ይሉ ነበር።

ሌላ ሸክላ አይገዙም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ አገር የሸክላ ማተሚያ አልነበረም። የእኛ ዘፈኖች እንደ ሕንድ፣ ሊባኖስና ግሪክ ባሉ አገሮች ታትመው ነበር የሚመጡት። የመጣው ተሸጦ ካለቀ፣ አለቀ። በጣም የተወደደው ዘፈን ቀድሞ ይሞታል። ማንም ያልመረጠው ተከብሮ ይቀመጣል።

አንድ ምሽት አባቴ እንደ ልማዳቸው ስሙኒያቸውን ከተቱ። ሳጥኑ ሽሽሽ... አለ። ከሩቅ፣ ከዝናብ ማዶ እንደሚጮህ ሰው ያለ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ጠጪዎቹ «ኧረ ዝጉት!» ብለው ጮኹ። እናቴ ያን ጊዜ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና አባቴን ጠራቻቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዘፈኑን ጨረስከው። አንተ ግን እስካሁን አንድ ቃል አልተናገርክም።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደተናገሩ አልነገሩኝም። እኔ ግን መወለዴን አትርሱ።

1966 መጣ፤ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ። የማታው ጨዋታ ቆመ፤ ጁክ ቦክሱም ጨርቅ ለበሰ። ካሴት ሸክላን ተካ። ባለ ቡና ቤቱ ዕቃቸውን ሲሸጡ ያቺን ሸክላ ለአባቴ ወርውረው «ውሰዳት፤ የበላሃት አንተው ነህ» አሏቸው።

ጋይንት

እናቴ በ2004 ዓ.ም. አረፈች። አባቴ ከተማው ባዶ ሆነባቸው፤ ሸክላቸውን ለእኔ ትተው ወደ ተወለዱበት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ወዳለች መንደር ተመለሱ።

ባለቤቴ ከሄደች በኋላ እኔ ምን አደረግሁ? የማውቀውን። ጠዋት «ይቅርታ»። ማታ «ይቅርታ»። በጽሑፍ፣ በድምፅ፣ በሽማግሌ። አላምን ስትል መሐላውን አከበድኩት። ከ«በእናቴ አፅም» ወደ «በማርያም»፣ ከ«በማርያም» ወደ «ልሙትልሽ»። እሷ አንድም መልስ አልሰጠችኝም። ጥር ላይ ጨነቀኝና ፈቃድ ወስጄ ወደ አባቴ ሄድኩ።

ባሕር ዳር አደርኩ። ከደብረ ታቦር በኋላ መንገዱ የጉናን ተራራ እየታከከ ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነፋስ መውጫ ስወርድ ስሟ ለምን እንደተሰጣት ገባኝ። የቀረውን መንገድ በጭነት መኪናና በእግር ጨረስኩት።

አባቴ ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ጠላ ቀረበ። ሁሉንም አወራሁላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና ጠየቁኝ።

«ስንት ጊዜ ይቅርታ አልካት?»

«ኧረ አባባ፣ ተቆጥሮ ያልቃል?»

«ያችኑ አንዷን?»

«ያችኑ።»

«አላምን ስትልህስ?»

«ማልኩላት። በእናቴ አፅም ብዬ...»

አንገታቸውን ደፉ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«የእኔን ሴት አፅም ለቢራህ ማልክበት?» አሉኝ በመጨረሻ። ድምፃቸው አልጨመረም። «ስሙኒዋን ለጠፍክባት በለኛ!»

ውድ አንባብያን፣ ባለቤቴ ጥላኝ ስትሄድ ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

የኔታ ፊት

ማታ ላይ «ተነሥ» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱኝ። እናንተ የከተማ ልጆች ቤተ ልሔም ሲባል የምታውቁት ጌታ የተወለደበትን ይሆናል። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ አገር ናት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማረ ሰው፣ በድጓ መምህር ልሁን ካለ፣ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ከአገሩ ሁሉ ተማሪ ይመጣል። ጎጆ ይቀልሳል፤ ቁራሽ ይለምናል፤ ድጓውን በዓመታት ጥናት ያደላድላል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የዜማ ስልቶች አሉ። ከፊደሉ በላይ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጇቸው ትንንሽ የዜማ ምልክቶች አሉ። ምልክቱ ግን ብቻውን አይዘምርም። ዜማው የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ነው።

አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ የኔታ ፊት ተቀምጧል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ መስለውኝ ነበር። ልጁ አንዲት መስመር አዜመ።

«መልስ» አሉት የኔታ።

ደገመ።

«መልስ።»

ደገመ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ለእኔ ጆሮ ሰባቱም አንድ ናቸው። በስምንተኛው የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጁም ወደ ቀጣይዋ መስመር አለፈ።

ስንመለስ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ይሄስ ልጅ ያችኑ እየደጋገመ አይደለም እንዴ? የእሱ ለምን አልተበላም?»

በጨለማ ውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው።

«ያችኑ መሰለችህ? የኔታ በየጊዜው አንዲት ነገር ነበር ያረሙት። ሸክላ ስህተቷን አትሰማም፤ መቶ ጊዜ ብትዞር ያው ናት፣ ከመበላት በቀር። ልጁ ግን ይሰማል። የሚሰማ ሰው ሲደግም ይጠራል፤ የማይሰማ ሲደግም ይበላል።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆም ብለው፣ ያልጠየቅኋቸውን ጨመሩልኝ።

«እኔ በልጅነቴ ከዚህ የጠፋሁት ‹መልስ› መባል ሰልችቶኝ ነው። አዲስ አበባ ገብቼ ያንን ሳጥን ሳይ ደስ አለኝ። ስሙኒ ከሰጠኸው ማንም ሳያርመው ይዘፍናል። ዜማ ይህ ነው አልኩ። እናትህ ባታስቆመኝ ኖሮ ዛሬም ስሙኒ እከት ነበር።»

አላቋርጥሽም

አዲስ አበባ እንደገባሁ በቀጥታ ባለቤቴ እህት ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ በሩን ከፈተችና አፌን ጠበቀች። «ይቅርታ» ልትወጣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

«የት የት ላይ እንደምስት ንገሪኝ» አልኳት። «አላቋርጥሽም።»

ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረች። የሚገርማችሁ፣ መጀመሪያ ያነሳችው መጠጡን አልነበረም። «አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ የማዳምጠው መኪና ነው» አለችኝ። «በሰፈሩ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ። ይሄኛው ነው እላለሁ። ያልፋል። ቀጥሎ ያለው ነው እላለሁ። ያልፋል።» ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ። «‹ባልሽስ?› ሲሉኝ፣ ‹ሥራ በዝቶበት ነው› እያልኩ የታመሙ እናቴን የምዋሸው ለአንተ ስል ነው።» ይህን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልሰማሁም ነበር። ነግራኝ ነበር? ነግራኛለች። የእኔ «ይቅርታ» ግን ቀድማ ስለምትጮህ አይሰማኝም ነበር።

ያን ዕለት አልተመለሰችም። እኔም አልጠየቅኋትም። በየእሁዱ እናቷ ዘንድ እየሄድኩ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ስልክ ሲጠራ አነሳሁ። እዘገያለሁ ካልኩ ከመዘግየቴ በፊት ተናገርኩ። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ምልክቶቹ እነሱ ናቸውና። ለፋሲካ ቤቷ ገባች።

ተአምር አይምሰላችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝና፣ የቤተ ልሔሙን ታሪክ ነግሬያት ነበርና፣ ዓይኗን ጨፍና «መልስ» አለችኝ። ሳቅን። በማግስቱ ግን በሰዓቴ ገባሁ።

ጀርባዋ

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የጓደኛዬን የሸክላ ማጫወቻ ተውሰን መጣን። አዲስ መርፌ ያለው፣ ክንዱ ቀላል። ባለቤቴ ሸክላዋን ከግድግዳ አወረደቻት። የፊቷን ዘፈን ሞከርነው፤ ሽሽሽ... አገላበጠቻት።

ጀርባዋ አዲስ ነበር!

በዚያ ሁሉ ምሽት፣ በዚያ ሁሉ ስሙኒ፣ የጀርባዋን ዘፈን የመረጠ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ሳይቀር ይሰማል። ስልክ ደውዬ ለአባቴ አሰማኋቸው። እስኪያልቅ ድረስ ዝም አሉ።

«ይህቺን ዘፈን አላውቃትም» አሉ። አርባ ዓመት ከቤታቸው የኖረች ሸክላ!

በ2012 ዓ.ም. አባቴ ዓረፉ። ሸክላዋ አሁንም ግድግዳችን ላይ ናት፤ ጀርባዋን ወደ እኛ አድርጋ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ፣ እናንተ «የእኛ ዘፈን አይበላም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የዚያን ዘመን ዘፈኖች በሲዲ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ ተመልሰው ተሰምተዋል። ያልተበሉት ሸክላዎችም በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ ይፈለጋሉ። የአባቴም ዘፈን ዛሬ ስልኬ ላይ ጥርት ብላ አለች፤ ሺህ ጊዜ ባጫውታት አንዲት ጭረት አትጨምርም። የስልኩ ዘፈን አይበላም። ጆሯችን ግን ይበላል። ለፍቅረኛችሁ በየማለዳው የምትልኩት ያው አንድ ልብ፣ ያው አንድ «ናፍቀሽኛል»፣ ያው አንድ «ይቅርታ» ለስልኩ አይከብደውም። የሚከብደው ለሚቀበለው ሰው ነው።

ስለዚህ ከእኔ ስህተት ተማሩ። ቃላችሁ መዝለል ሲጀምር መሐላ አትለጥፉበት፤ መርፌውን መርምሩት። ክብደት ያስቆመው መዝለል ዳነ ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ ውስጥ ገባ እንጂ። «ይቅርታ» ከማለታችሁ በፊት የምትጠይቁት ሰው የት ላይ እንደታመመ ስሙ። አንድ ነገር ደጋግማችሁ ከተጣላችሁበት ደግሞ ገልብጡት። ምናልባት እስካሁን ማንም ያልመረጠው ዘፈን ከጀርባው ይኖራል።

እኔ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለኝ። አሁን አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቸር ሰንብቱ!